ሊበራል አርትስ በሒሳብ አያያዝ ትምህርት

በኮሌጅ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ውስጥ ሊበራል አርትስን ማካተት ማለት የነገውን የሒሳብ ባለሙያ ከዴቢትና ክሬዲት፣ ከኦዲትና ከታክስ ጋር ታሪክን፣ ፍልስፍናን፣ ሥነ ጽሑፍንና ማኅበራዊ ሳይንስን አዋሕዶ ማስተማር ነው።

ሁለቱ የዕውቀት ዘርፎች ባዳ ሆነው አልተፈጠሩም። ስለ ጥምር የሒሳብ ምዝገባ፣ ማለትም እያንዳንዱ ግብይት በዴቢትና በክሬዲት ሁለቴ ስለሚመዘገብበት ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ የታተመውን ዝነኛ ማብራሪያ የጻፈው ሉካ ፓቾሊ ፍራንቸስካዊ መነኩሴ ነበር፤ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺንም ሒሳብ (ማቲማቲክስ) አስተምሯል። ማብራሪያውም አሪትሜቲክን፣ አልጀብራንና ጂኦሜትሪን በያዘ ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ክፍል ነበር።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1959 በፎርድና በካርኔጊ የበጎ አድራጎት ተቋማት ድጋፍ የወጡ ሁለት ጥናቶች የንግድ ትምህርት ከመጠን በላይ መጥበቡን ነቀፉ። በ1989 ደግሞ በጊዜው ግዙፍ የነበሩት ስምንት የኦዲት ድርጅቶች መጻፍ፣ መናገርና ማመዛዘን የሚችሉ ምሩቃን እንደሚፈልጉ በጋራ አሳወቁ፤ የሒሳብ ትምህርትን የሚያሻሽል ኮሚሽንም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። ጥያቄው ከቀጣሪዎች መምጣቱ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ሊበራል አርትስ ለሥራ አይጠቅምም የሚለውን ክርክር ከሥሩ ይነቅለዋልና።

ከባዱ ነገር አሠራሩ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት አጠቃላይ ኮርሶችን አስወስዶ ከዚያ መርሳት መደረብ እንጂ መዋሐድ አይደለም። ጎበዝ መምህር ግን ፍልስፍናውን እዚያው መዝገቡ ላይ ያገኘዋል። ድርጅቱ በዱቤ ከሸጠው ውስጥ ምን ያህሉ ሳይሰበሰብ ይቀራል? ለዚህ የሚያዘው መጠባበቂያ በቁጥር ይጻፍ እንጂ ስለ ሰው ባሕርይና ስለ ነገ የተሰጠ ፍርድ ነው። ተማሪው ግምቱን በሁለት ገጽ ጽሑፍ እንዲያስረዳ ሲጠየቅ ምክንያት ማቅረብንም ድርሰትንም አብሮ ይማራል። ፋብሪካ ወንዝ ሲበክል፣ የማካካስ ግዴታ ከሌለበት፣ ጉዳቱ በወጪነት ላይመዘገብ ይችላል፤ ታዲያ ወጪውን የተሸከመው ማን ነው? የሒሳብ አያያዝ ደንቡ ካቆመበት ሥነ ምግባር ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የከሰረው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ ኤንሮን ዕዳውን ለዚሁ በተቋቋሙ ድርጅቶች በኩል ከሒሳብ መግለጫው ውጭ አድርጎ ነበር። ይህንን ያቀነባበሩት ሰዎች ደንቡን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ የጎደላቸው ሌላ ነው።

እንቅፋቶቹ ቀላል አይደሉም። የሙያ ፈቃድ ፈተናው በአብዛኛው ቴክኒካዊ ዕውቀትን ስለሚመዝን ተማሪውም መምህሩም ወደዚያው ያደላሉ። በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ለፈቃድ የጠየቁት 150 ክሬዲት ሰዓት፣ ከተለመደው 120 በላይ ለሰፊ ትምህርት ቦታ ይከፍታል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ትርፉ 30 ሰዓት በተጨማሪ የሒሳብ ኮርሶችም ሊሞላ ይችላል። የመምህራኑም ሥልጠና በአንድ ዘርፍ የተወሰነ ነው፤ ድርሰት ማረምም መልመጃ ከማረም እጅግ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። የኦዲት መምህርና የፍልስፍና መምህር አንድን ኮርስ ተጋርተው ሲያስተምሩ ግን ሸክሙ ይቀልላል፤ ለዚህም ኮሌጁ ለሁለቱም የማስተማሪያ ሰዓት መመደብ አለበት።