ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ

የገና ዕለት ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ተሰብስበናል። የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ጎልፍ ይጫወታል። "ጋሼ፣ ይዩልኝ! 350 ያርድ!" አለኝ። እውነትም ኳሷ ወንዝ ተሻግራ፣ ዛፉን ዘልላ፣ የተስተካከለ ሣር ላይ ዱብ አለች። ከዚያ ጨዋታውን ወደ ከባዱ ደረጃ ቀየረና ደገመው። አሁን 210 ላይ ቀረች፣ ያውም ረጅም ሣር ውስጥ። ቡና ትቆላ የነበረችው እናቴ ቀና ብላ አየችና "ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ አሉ" ብላ ወደ ምጣዷ ተመለሰች።

ጎልፍ አይታ አታውቅም። ግን ተረቷን ቦታዋ ላይ ነው ያስቀመጠቻት።

ይቺ የመንገደኛ ተረት ናት። ጉልበቷ ያለው "አዳሪ" የምትለው ቃል ላይ ነው። በእግርና በበቅሎ ዘመን መንገድ የሚቆጠረው በአዳር ነበር። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ አንድ እንቅልፍ ነው። አህያ ጭኖ ለሚሄድ ነጋዴ ግን የቀናት መንገድ ነበር። ጠዋት ሲነሳ "ዛሬ ሸኖ ነው የማድረው" ይላል። ትንሽ እንደሄደ ጭነቱ ይላላል። አንዷ አህያ ታነክሳለች። ዝናብ ይጥላል፣ ወንዝ ይሞላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ጫጫ ላይ ነው፤ 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። "የመሸበት የእግዜር እንግዳ" ብሎ ሰው ደጅ ይቆማል። ሸኖን ያሰበው ሰው ጫጫ አደረ።

ዛሬ ፎቅ ጀምሮ መሠረቱ ላይ በቀረ ሰው እንቀልድባታለን። ለቅሶ ቤት ስትነገር ግን ቀልድ የለባትም። ብዙ አስቦ በአጭር ለተቀጨ ሰው አዛውንቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይሏታል። እኔ የበለጠ የምትከብደኝ እዚያ ላይ ነው።

ወደ ጎልፋችን። 300 ያርድ ማለት 274 ሜትር ነው። በአሜሪካው የፒጂኤ ውድድር የሚጫወቱ ባለሙያዎች በረጅሙ ዱላ፣ በድራይቨር፣ በአማካይ የሚመቱት ይህንኑ ያህል ነው። የዱላቸው ጫፍ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወነጨፋል። ለመዝናናት የሚጫወት ወንድ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ያርድ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ስለዚህ ያቺ 210 ውርደት አይደለችም፤ የውሸቷ 350ዋ ናት። ቀላሉ ደረጃ ላይ ኮምፒውተሩ ሁሌም የዱላው መሀል ያስመታሃል። በእውን ግን ከመሀሉ በጣት ስፋት ከሳትክ ርቀቱ ይቀንሳል፣ አቅጣጫውም ይጣመማል። አህያዋ አነከሰች ማለት ነው።

ደግሞ ኳስ ያረፈችበትና ያደረችበት ለየቅል ነው። በአየር ሄዳ መሬት ስትነካ አንድ ርቀት፣ ተንከባልላ ስትቆም ሌላ ርቀት አላት። ደረቅ መሬት ላይ ብዙ ትንከባለላለች፣ እርጥብ ሣር ላይ ወዲያው ትቆማለች። ጥሩ ጨዋታ ሁለቱን ለይቶ ያሳያል። ብዙ ሰው የባለሙያን የአየር ርቀት ከራሱ ሙሉ ርቀት ጋር እያወዳደረ በከንቱ ይኩራራል።

ልጁ ግን ዝም አላለም። "እዚህ ቢሆን እኮ ይርቃል፣ አየሩ ስስ ነው" አለኝ። ልክ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ኳሷን የሚይዛት ነገር ይቀንሳል። ግን እየተሽከረከረች ስትሄድ ወደ ላይ የሚደግፋትም ያው አየር ስለሆነ፣ ትርፉ ሩብ አይሞላም።

በማግስቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የግጦሽ መስክ ላይ ወሰድኩት። 274 ሜትር በእርምጃ ለካሁለት። መጨረሻው ላይ ሆኜ ሳየው እጁን የሚያውለበልብ ነጥብ ሆኗል። የገና ዱላውን ወደ ኋላ አንስቶ ሩሯን በሙሉ ኃይሉ መታት። 43 እርምጃ ሄዳ ቦይ ውስጥ ገባች።

"ነፋስ ነው፣ ጋሼ" አለኝ።

ነፋስ አልነበረም።