በሙዚየም የሚጠበቁ ጥንታዊ ጨርቆችና የጥልፍ ሥራዎች

ሸክላ ቢሰበር ስባሪው ይቀራል፤ ብረት ቢዝግም ቅሪቱ ይገኛል። ጨርቅ ግን ተለብሶ ያልቃል፣ ሲያልቅ ይጣፋል፣ መጣፊያ ሲያጣ መወልወያ ይሆናል፣ ከዚያ የተረፈውን ደግሞ ብልና እርጥበት ይጨርሱታል። ስለዚህ ዛሬ በሙዚየሞች የሚገኘው ጥንታዊ ጨርቅና ጥልፍ በየዘመኑ ከተሸመነውና ከተሰፋው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛውም ለታሪክ ይቀመጥ ተብሎ ሳይሆን በአጋጣሚ የተረፈ ነው። በሙዚየም የጨርቅ ክፍል ውስጥ የነገሥታትና የካህናት አልባሳት፣ ምንጣፎች፣ መጋረጃዎች፣ ሰንደቅ ዓላማዎች፣ የልጃገረዶች የጥልፍ መለማመጃዎችና ከመቃብር የወጡ ብጥስጣሾች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለንደን የሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ በ1925 በዋሽንግተን የተመሠረተው የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በሐር ሥራዋ በታወቀችው በሊዮን ከተማ ያለው ሙዚየም፣ እንዲሁም በ1961 በስዊዘርላንድ በርን አቅራቢያ የተቋቋመው የአቤግ ድርጅት በዘርፉ ስመ ጥር ከሆኑት መካከል ናቸው።

ጨርቅ ለሺህ ዓመታት እንዲቆይ የተለመደው አየር አይመቸውም፤ እጅግ ደረቅ፣ እጅግ ቀዝቃዛ ወይም አየር የማይገባበት ስፍራ ይፈልጋል። የግብፅ በረሃና የፔሩ ጠረፍ አሸዋ በድርቀታቸው፣ የአልታይ ተራሮች በበረዷቸው ጨርቅን አቆይተዋል። የአፈሩ ጠባይም ይመርጣል፦ አሲድ የበዛበት ረግረግ ከእንስሳ የሚገኙትን ሱፍና ሐርን ሲያቆይ፣ ከዕፅዋት የሚገኙትን ጥጥንና የተልባ እግርን ያጠፋል። ከአንድ የረግረግ መቃብር የሱፍ ካባ ብቻ ተገኘ ማለት ሟቹ ከሥር ምንም አልለበሰም ማለት አይደለም፤ የውስጥ ልብሱ ከተልባ እግር ተሠርቶ ከነበረ ስፌቱን ይዞ የነበረው ክር ሳይቀር ሟሙቶ ሊሆን ይችላል። የጥንት አለባበስን የሚያጠና ሰው ይህን ካልያዘ ከጎደለ ማስረጃ የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ይደርሳል።

ከእነዚህ ቅሪቶች መካከል በቅርብ ሊታይ የሚገባው የታርካን ቀሚስ የሚባለው ነው። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1913 ከካይሮ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የታርካን የመቃብር ስፍራ ሲቆፍር የቆሸሸ የጨርቅ ክምር አገኘና ወደ ለንደን ላከው። ክምሩ ማንም ልብ ሳይለው ለአሥርት ዓመታት ቆይቶ በ1977 ለጽዳት ወደ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተወሰደ፤ ባለሙያዎች ሲለያዩትም ከውስጡ አንገቱ በሹል የወረደ፣ እጅጌውና የደረቱ ክፍል በቀጫጭን ሽብሽብ የተሠራ የተልባ እግር ልብስ ወጣ። በ2015 የተደረገው የራዲዮካርቦን ምርመራ 95 በመቶ በሆነ እርግጠኝነት ከ3482 እስከ 3102 ዓመተ ዓለም ባለው ጊዜ መሠራቱን አሳየ፤ በዚህም እስካሁን ከሚታወቁት የተሸመኑ ልብሶች ሁሉ ቀዳሚው ሆነ። እኔን ግን ከዕድሜው ይልቅ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ልብሱ የተገኘው ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ ነው፤ በክርኑና በብብቱ ላይም የመጨማደድ ምልክት ነበረበት። ይህ ማለት ለሬሳ ተብሎ የተሰፋ አልነበረም፤ አንድ ሰው ለብሶት ሠርቶበታል፣ ሲያወልቀውም በጭንቅላቱ በኩል ስቦ ገልብጦታል። አጣቢው ምልክቱን በካውያ አስተካክሎት ቢሆን ኖሮ ይህን ማወቅ ባልተቻለ ነበር።

ሌሎቹ በአጭሩ ይጠቀሱ። በሴንት ፒተርስበርግ ኤርሚታዥ ሙዚየም ያለው የፓዚሪክ ምንጣፍ በ1949 በሰርጌይ ሩዴንኮ የተገኘው በአልታይ ከበረዶ ውስጥ ነው፤ ሌቦች ቀደም ብለው መቃብሩን በመክፈታቸው ውኃ ገብቶ ስለቀዘቀዘ ምንጣፉ 2,400 ዓመታት ያህል ሊቆይ ችሏል። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 36 ያህል ቋጠሮ አለበት፤ ይህ ደግሞ ከጀማሪዎች የሚጠበቅ ሥራ አይደለም። በቻይና ቻንግሻ በ1972 ከተከፈተው የማዋንግዱይ መቃብር የወጣው የሐር ካባ በበኩሉ ሙሉ ልብስ ሆኖ ሳለ ክብደቱ 49 ግራም ብቻ ነው።

ሁሉም ግን ከመሬት የወጣ አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናትና በቤተ መንግሥት ዕቃ ቤቶች ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈም አለ፤ ከዚህ ወገን በዝና የሚቀድመው በፈረንሳይ ባዩ ከተማ የሚጠበቀው፣ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን መያዛቸውን የሚተርከው ሥራ ነው። በብዙ ቋንቋ የተሸመነ መጋረጃ እየተባለ ቢጠራም ሥዕሉ ከጨርቁ ጋር አልተሸመነም፤ በዘጠኝ የተልባ እግር ቁራጮች ላይ በሱፍ ክር የተጠለፈ ነው። ርዝመቱ 70 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፣ ቁመቱ ግን ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ክሩ በአሥር ዓይነት ቀለም ቢታይም ቀለሞቹ የመጡት ከሦስት ተክሎች ብቻ ነው፦ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ ይሰጣል፤ የቀረው የነክሩ መደጋገምና መቀላቀል ነው። ሰፋፊ ቦታዎችን ለመሙላት ጠላፊዎቹ ክሩን ጎን ለጎን አስተኝተው በላዩ ሌላ ክር ያሻግሩበትና በትንንሽ ስፌት ይይዙታል። በዚህ ዘዴ ክሩ ከሞላ ጎደል በፊት ለፊት ስለሚቀር አይባክንም። ሥራው በጽሑፍ መጀመሪያ የተጠቀሰው በ1476 በባዩ ካቴድራል የንብረት መዝገብ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ለ400 ዓመታት ያህል የት የት እንደ ነበር የሚናገር ሰነድ የለም።

በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ የወርቅ ጥልፍ በመላው አውሮፓ ተፈላጊ የነበረ ሲሆን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው ከ1310 እስከ 1320 ባለው ጊዜ እንደተሠራ የሚገመተው የሳዮን ካባ ጥሩ ምስክር ነው። የአሠራሩ ምሥጢር ያለው ከጀርባው ነው። በወርቅ የተለበጠው የብር ክር በጨርቁ ላይ ይተኛል፤ ከሥር የሚመጣ ጠንካራ የተልባ እግር ክር ይጠመጠምበትና ወደ ታች ሲሳብ የወርቁን ክር ቅንጣት ያህል ይዞ ወደ ጀርባ ያሳልፈዋል። ከላይ የሚያየው ሰው የያዘውን ክር አያይም፤ ወርቁም በየነጥቡ እንደ ማጠፊያ ስለሚታጠፍ ብረት የለበሰው ካባ በካህኑ ትከሻ ላይ ሳይገትር ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ልብስ ግድግዳ ላይ ዘርግቶ ፊቱን ብቻ ማሳየት የሥራውን ግማሽ መደበቅ ነው፤ ጠንቃቃ ሙዚየሞች የጀርባውን ፎቶግራፍ ከጎኑ የሚያደርጉት ስለዚህ ነው።

የጥልፍ ናሙናዎች ሌላ ዓለም ናቸው። ልጃገረዶች ስፌትን፣ ፊደልንና ቁጥርን የሚለማመዱባቸው እነዚህ ቁራጮች ለረጅም ጊዜ እንደ ጌጥ ብቻ ሲታዩ ቆይተው፣ ዛሬ በጽሑፍ ብዙ ያልቀረላቸውን ሰዎች ድምፅ የሚሰጡ ሰነዶች ሆነዋል። ዓመት ከተጻፈባቸው የብሪታንያ ናሙናዎች ቀዳሚው ጄን ቦስቶክ በ1598 የጠለፈችው ሲሆን፣ በላዩ አሊስ ሊ የተባለች ሕፃን በ1596 መወለዷ ተመዝግቦበታል። በቅርብ ለሚመለከተው ደግሞ ተጠልፈው እንደገና የተፈቱ ምስሎች ፈለግ ይታያል፤ ከእነሱም አንዱ በጀርባው ግንብ የተሸከመ ዝሆን ነው። ክሩ ቢወጣም የመርፌው ቀዳዳ ቀርቷል።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው ኤልሳቤጥ ፓርከር በ1830 ገደማ የሠራችው ነው። አበባ የለበትም፣ የፊደል ተራ የለበትም፤ በነጭ ጨርቅ ላይ በቀይ የሐር ክር፣ በመስቀልኛ ስፌት፣ ደቂቅ በሆኑ ፊደላት የተሞላ ኑዛዜ ነው። በቤት ሠራተኝነት ሳለች በአሠሪዋ የደረሰባትን ግፍና ራሷን ለማጥፋት መፈተኗን ትተርካለች፤ መጻፍ ስለማልችል በዚህ አሰፍረዋለሁ በማለት ትጀምርና፣ ነፍሴ ምን ትሆናለች የሚለው ጥያቄ ላይ ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይቋረጣል። ከሥሩ ያለው ጨርቅ ባዶ ነው። ሴትዮዋ ግን እስከ 1889 ኖራለች፣ የትምህርት ቤት መምህርትም ሆናለች።

ከዚሁ ጋር የሚሄዱት በለንደን የተጣሉ ልጆች ማሳደጊያ መዝገብ ላይ የተሰኩት ብጣሾች ናቸው። ከ1741 እስከ 1760 ባለው ጊዜ ሕፃን ሲገባ፣ እናት ተመልሳ ከመጣች ልጇን ለመለየት እንድትችል ከመዝገቡ ገጽ ጋር ጨርቅ ይያያዝ ነበር፤ 5,000 የሚደርሱት እነዚህ ቁራጮች የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተራ ሰዎች ምን ይለብሱ እንደነበር የሚያሳዩ ትልቁ የብሪታንያ ስብስብ ናቸው። ባለጸጎች የሐር ልብሳቸውን ስላስቀመጡ ሙዚየሞች በሐር ተሞልተዋል፤ የድሃው ቀሚስ ግን የተረፈው ልጅ ለመለየት ስለተቆረጠ ነው። ከዚያ በኋላም በ1767 አንዲት እናት ከቁርጥራጭ በተጣጣፈ ጨርቅ ላይ ልብ ጠልፋ ለሁለት ቆርጣ ግማሹን ከልጇ ጋር ተወች፤ በ1775 ተመልሳ ልጇን ወሰደች። እንዲህ ያለ ዕድል የገጠማቸው ጥቂቶች ናቸው።

ጨርቅ ሙዚየም ከገባ በኋላ ዋናው ጠላቱ የሚታይበት ብርሃን ራሱ ነው። ብርሃን ያደረሰው ጉዳት ይጠራቀማል እንጂ አይሽርም፤ ስለዚህ በተለምዶ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) በላይ አይፈቀድም። በ1539 እና 1540 መካከል እንደተሠራ የሚነገርለት፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የአርደቢል ምንጣፍ መብራቱ የሚበራው በየግማሽ ሰዓቱ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነው፤ ጎብኚዎች ያጉረመርማሉ፣ ምንጣፉ ግን ቀለሙን ይዟል። ብልና የምንጣፍ ጥንዚዛ እጭ ሱፍን ይበላሉ፤ ለእነሱ መርዝ ከመርጨት ይልቅ ጨርቁን በላስቲክ አሽጎ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ለሦስት ቀናት ማቀዝቀዝ ይመረጣል። ጥፋቱ ከጨርቁ ከራሱ የሚመጣበት ጊዜም አለ። ጥቁርና ቡናማ ለማድረግ ብረት ያለበት የቀለም ማስያዣ (ቀለሙን ከክሩ ጋር የሚያጣብቅ ንጥረ ነገር) የገባበት ክር በዝገት እየተበላ ከሌሎቹ ቀለማት ቀድሞ ይረግፋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ነጋዴዎች ሐር እንዲከብድ በቆርቆሮ ጨው ይነክሩት ስለነበር፣ ከመቶ ዓመት ብዙም ያላለፈው የሙሽራ ቀሚስ ከመካከለኛው ዘመን ካባ ይልቅ የባሰ ተሰነጣጥቆ ይገኛል።

ጥገናም ቢሆን አጥፊ ሊሆን ይችላል። በ1813 የተሰፋውና በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን ሙዚየም የሚገኘው ትልቁ የአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ ከ12.8 ሜትር ርዝመቱ ወደ 10.4 ሜትር ያጠረው በአብዛኛው ለመታሰቢያ እየተቆረጠ ስለተሰጠ ነው። በ1914 አሚሊያ ፎውለር ከረዳቶቿ ጋር የተልባ እግር ገበር በ1.7 ሚሊዮን ያህል ስፌት አያያዘችለት። ለዘመኑ ምርጥ ሥራ ነበር፤ እያደር ግን ገበሩ ራሱ ጨርቁን መወጠርና መጉዳት ስለጀመረ፣ በ1998 በተጀመረው ፕሮጀክት ስፌቶቹ አንድ በአንድ ተፈትተው ወጡ። ከ2008 ጀምሮ ሰንደቁ ክብደቱን የሚሸከምለት ዘንበል ያለ ጠረጴዛ ላይ፣ ኦክስጅን በተቀነሰበትና ብርሃኑ በደበዘዘ ክፍል ተኝቶ ይታያል። ዛሬ ተቀባይነት ያለው አሠራር የተጎዳውን ስፍራ በስስ ሐር ሸፍኖ በቀላሉ ሊፈታ በሚችል ስፌት መያዝ ነው፤ እድፍን ማጠብም እንደ ቀላል አይታይም፣ የደም፣ የሰም ወይም የላብ ምልክት ከታጠበ በኋላ ሊመለስ አይችልምና።

የባለቤትነት ጥያቄም በጨርቅ ስብስቦች ላይ እየተነሳ ነው። በ1868 ከመቅደላ በእንግሊዝ ጦር ከተወሰዱት መካከል የእቴጌ ጥሩነሽ መሆኑ የሚነገርለት ባለ ጥልፍ ቀሚስ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። በስዊድን ጎተንበርግ የነበሩት፣ በ1930ዎቹ ገደማ ከፔሩ በድብቅ የወጡት 89 የፓራካስ ጨርቆች ደግሞ በ2014 በመጀመሪያዎቹ አራት ተጀምሮ በየተራ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ሁለት ሺህ ዓመት ያስቆጠሩት እነዚህ ጨርቆች በመንቀጥቀጥ ብቻ ሊረግፉ የሚችሉ በመሆናቸው፣ ጉዞው በፖለቲካ ከተፈቀደ በኋላም ቢሆን እያንዳንዱ ጨርቅ እንዴት ታሽጎ እንደሚሄድ መወሰን ነበረበት።