ኤክስፖርት ምንድን ነው? በማሾ እንየው

ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስታችሁ የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ፣ መጀመሪያ ጋቢው፣ ቀጥሎ ጃኬቱ ይወልቃል። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ላብ በላብ ናችሁ። በዚያ ቆላ ማሾ የሚባል አረንጓዴ ጥራጥሬ ይዘራል። ከአተር ያነሰ ነው። ዝናብ ብዙ አይፈልግም፣ ቶሎ ይደርሳል። ችግሩ ፍሬው እኩል አይደርስም፤ እየተመላለሱ በእጅ መልቀም ነው።

የሚገርመው፣ እዚያው ገበሬው ቤት ምሳ ብትጋበዙ የሚቀርብላችሁ ሽሮ ነው። ማሾው ተበልቶ የሚያልቀው እነ ህንድና ኢንዶኔዥያ ነው።

ኤክስፖርት፣ በአማርኛው የወጪ ንግድ፣ ይኸው ነው፤ እዚህ የተመረተን ነገር ለውጭ አገር ገዢ መሸጥ። ዕቃ ብቻም አይደለም። አንኮበርን ሊያይ የመጣ ፈረንጅ ለአልጋና ለምግብ የሚከፍለውም ኤክስፖርት ውስጥ ይቆጠራል። ዕቃ ድንበር ባይሻገርም ገንዘቡ ተሻግሮ መጥቷል።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው ዶላሩ ላይ ነው። ገበሬው ዶላር በዓይኑ አያይም። ማሾውን በኩንታል ለነጋዴ ይሸጣል፣ ብሩን ይቆጥራል፣ አለቀ። እህሉ ከእጅ ወደ እጅ ላኪው ዘንድ ይደርስና በጅቡቲ ይጫናል። ዶላሩ ላኪው ባንክ ይገባል። ከዚያ አስመጪው ይገዛውና ማዳበሪያ፣ ናፍጣ፣ መድኃኒት፣ የመኪና መለዋወጫ ያመጣበታል። ያ ገበሬ ክረምት ሲገባ ዓይኑ እስኪቀላ የሚጠብቀው ማዳበሪያም ከዚሁ ዶላር የሚገዛ ነው። የማዳበሪያው ሻጭ ብር ቢሰጡት አይቀበልማ!

ዶላሩ ሲያጥርስ? አስመጪው ባንክ ደጅ ይጠናል፣ ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ አጥቶ ይቆማል። በዚያ የእጥረት ዘመን አንድ ጉደኛ ንግድ ነበር። አንዳንዱ ላኪ እህሉን እዚህ በውድ ገዝቶ ውጭ በኪሳራ ይሸጣል። ሞኝ ሆኖ አይደለም። በሚያገኘው ዶላር ሌላ ዕቃ አስገብቶ ኪሳራውን ከእኛ ከሸማቾች ላይ ይለቅመዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ባንክ ቤት 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ለላኪው ያው አንድ ዶላር ብዙ ብር ሆነለት። ናፍጣና ዘይት ለሚገዛው ግን ነገሩ ተገልብጦ ነው የደረሰው።

ወደ ደብረ ብርሃን እንመለስ። በዙሪያዋ የሚመረተው የቢራ ገብስ ለውጭ ገበያ ብሎ የተዘራ አይደለም። ነገር ግን ከውጭ ሊገባ የነበረን ብቅል ስለሚተካ፣ ሊወጣ የነበረ ዶላር እዚሁ ይቀራል። ይህ ኤክስፖርት አይባልም፤ የሥጋ ዘመዱ ነው። እንዲያውም እንደኔ እንደኔ የሚገባውን ያህል አይወራለትም።

ጤፍስ? ምንጃር የጤፍ አገር ነው፤ ውጭ ያለው ሐበሻም ይፈልገዋል። እህሉን መላክ ግን ለዓመታት ተከልክሎ የኖረ ነው፣ እዚህ እንዳይወደድ ተብሎ። እንጀራው ተጋግሮ በአውሮፕላን ይሄዳል።

ልዩነቱ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። የምንጃሩ ገበሬ ጤፍ ቢረክስበት እንጀራ አስጋግሮ ይበላዋል፣ ወይም አዲስ አበባ ይልከዋል። የቆላው ሰውዬ ግን ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ፊቱን ሲያዞርበት ማሾውን ይዞ ወዴት ይሄዳል? ጎረቤቱም ያው ማሾ ነው ያለው።

እኛ ቤት አንዴ ክክ አድርገን ወጥ ሠርተንበት ነበር። አይከፋም። ልጆቹ ግን ቀመስ አደረጉና ሽሮው የት አለ አሉ።