«ተኩላ እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል?»፦ ተራ እንስሳት በጨዋታ ጠረጴዛ ላይ

«ተኩላ ነው? እሺ፣ ቶሎ እንጨርሰውና እንለፍ።» የምናብ ዓለም የጠረጴዛ ጨዋታ የተጫወተ ሰው ይህችን ያልሰማ የለም። ጥፋቱ የተጫዋቾቹ አይደለም፤ ጌም ማስተሩ (ጨዋታውን የሚመራውና ጠላቶቹን የሚያንቀሳቅሰው ሰው) ተኩላውን ጥርስ ያለው ጆንያ አድርጎ ካቀረበው፣ እነሱም እንደ ጆንያ ይደበድቡታል። ከዚያ «እንስሳት አይከብዱም» ተብሎ ይደመደማል። ከታች ያሉት ቁጥሮች ከዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም፣ ከእ.ኤ.አ. 2014ቱ ሕግ የተወሰዱ ናቸው። በሌላ ሕግ የምትጫወቱ ቁጥሩን ቀይሩት፤ ስህተቱ ያው ነው።

«አውሬ አያስብም፣ እስኪሞት ይዋጋል»

የሚያንገበግበው ይሄኛው ነው። መነሻውም ይታወቃል፤ የተኩላው ገጽ ላይ ኢንተሊጀንስ (የማሰብ ችሎታ) 3 ይላል፣ ጌም ማስተሩም እዚያ ላይ ማንበቡን ያቆማል። ቀጥሎ ያለው ዊዝደም (ንቃትና ማስተዋል) ግን 12 ነው፤ ከብዙ ተዋጊ ካራክተሮች (ተጫዋቾቹ ከሚወክሏቸው ገጸ ባሕርያት) ይበልጣል። ተኩላው በር መክፈት አይችልም፣ የምትናገሩት አይገባውም። ማን እንደሚያነክስ፣ ማን ወደኋላ እንደቀረና መቼ መሸሽ እንዳለበት ግን አሳምሮ ያውቃል። እግሩ የተሰበረ አዳኝ ነገ አያድንም፣ ካላደነ ይራባል። ስለዚህ ለአንድ እራት ብሎ አይሞትም። እስከ መጨረሻው የሚቆሙት መውጫ ያጣ አውሬ፣ ግልገል ያላት እናትና የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ናቸው።

እንግዲህ ዳይስ ከመወርወራችሁ በፊት ሁለት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ምን ፈልጎ መጣ? ምን ሲሆን ትቶ ይሄዳል?

የመጀመሪያው መልስ ብዙውን ጊዜ «በቅሎዋን» ነው። በቅሎ 11 የሕይወት ነጥብ አላት፣ የተኩላ ንክሻ በአማካይ 7 ጉዳት ያደርሳል፤ ሁለት ንክሻ ይበቃታል። ከስድስት ተኩላ ሦስቱ በቅሎዋ ላይ፣ ሦስቱ ሰዎቹን ለመያዝ። በቅሎዋ ከወደቀች በኋላ ተኩላዎቹ የሚዋጉበት ምክንያት የለም፤ ራቅ ብለው ሰዎቹ እስኪሄዱ ይጠብቃሉ። ምግቡን፣ ገመዱንና ድንኳኑን ከዚህ በኋላ ማን እንደሚሸከመው ተጫዋቾቹ ይጨቃጨቁ።

ለሁለተኛው ጥያቄ አሮጌው ሕግ ከአዲሱ የተሻለ መልስ ነበረው። በእ.ኤ.አ. 1981ዱ የዚሁ ጨዋታ መሠረታዊ እትም ተኩላ የሞራል ቁጥር 8 አለው፤ ሁለት ባለ 6 ፊት ዳይስ ተወርውሮ ከ8 ከበለጠ ይሸሻል። መንጋው ከግማሽ በታች ሲወርድ ቁጥሩ 6 ይሆናል። ይህ ማለት የመሸሽ ዕድሉ ከ28 በመቶ ወደ 58 በመቶ ይዘላል ማለት ነው። በ2014ቱም ተመሳሳይ የአማራጭ ሕግ አለ፤ የሕይወት ነጥቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ሲደርስ 10 ወይም ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው የዊዝደም ውርወራ (በባለ 20 ፊት ዳይስ) ነው። አለ እንጂ ሲጠቀሙበት አይታይም።

አሁን ወደ ንክሻው። የተኩላ ዋና ጉልበት ፓክ ታክቲክስ ነው፦ ጓደኛው ከተጠቂው በ5 ጫማ ውስጥ ካለ ሁለት ዳይስ ወርውሮ ትልቁን ይወስዳል። አርመር ክላስ (ለመምታት የሚያስፈልገው ቁጥር) 15 ላይ 50 በመቶ የነበረው የመምታት ዕድል 75 ይሆናል። የተነከሰው ሰው ደግሞ በ11 የስትሬንግዝ (የጉልበት) ውርወራ ካልተቋቋመ ይወድቃል። ጌም ማስተሮች እዚህ ላይ የሚያበላሹት ሁሉንም ተኩላ ነክሶ እንዲሸሽ ማድረጋቸው ነው። ሁሉም ከሸሹ ለቀጣዩ ተኩላ ከተጠቂው አጠገብ የሚገኝ ጓደኛ አይኖርም፣ ፓክ ታክቲክስም አይሠራም። ትክክሉ አንዱ ነክሶ አጠገቡ ይቆያል፤ የቀሩት 20 ጫማ ገብተው፣ ነክሰው፣ 20 ጫማ ይወጣሉ። በሚቀጥለው ዙር የቆየው ይወጣና ሌላው ይተካዋል። ተጠቂው በዙር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚወጣውን ተኩላ መምታት የሚችለው፤ ከወደቀ ያችንም አንዷን ምት በሁለት ዳይስ ትንሹን ይዞ ይወረውራል። ለመነሳት ግማሽ እርምጃውን ያወጣል፣ የቀረው 15 ጫማ ነው፤ ተኩላው 40 ይሮጣል።

«ተኩላ ለጀማሪ እንኳ ቀላል ነው»

ስሌቱን ሥሩት። አንድ ተኩላ 50 ኤክስፒ (የግጥሚያ ክብደት የሚለካበት ነጥብ)፣ አራቱ 200፤ ከ3 እስከ 6 ለሚሆን ጠላት በ2 ሲባዛ 400። ለአራት የ1ኛ ሌቭል ካራክተሮች «ገዳይ» የሚባለው ግጥሚያ ከስንት ይጀምራል? ከ400።

ከ5ኛ ሌቭል በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፋየርቦል (በየአቅጣጫው 20 ጫማ የሚያቃጥል አስማት) በአማካይ 28 ጉዳት ያደርሳል፣ የተቋቋመውንም በ14 ይመታዋል፤ የተኩላ ነጥብ 11 ነው። መንጋውን አንድ ላይ ካቆማችሁት በአንድ ተራ ያልቃል። ከሦስት አቅጣጫ ይምጣ፣ በመካከላቸው ከ40 ጫማ በላይ ይራቅ።

«የሕይወት ነጥቡን እጥፍ ካደረግነው ይከብዳል»

አይከብድም፣ ውጊያው ይረዝማል።

«እሳት ካነደድን አይቀርብም»

እሳቱ የሚረዳው ውጭ ያለውን ነው። ችቦ 20 ጫማ በደንብ፣ ሌላ 20 ጫማ በድንግዝግዝ ያበራል፤ ከዚያ ወዲያ ሰው አያይም፣ እሳት ሲያይ የቆየ ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ደግሞ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በጨለማ የሚያየው ድዋርፍም (ድንክ ዘር) ቢሆን እይታው ከ60 ጫማ አያልፍም። ተኩላው በማሽተትና በመስማት ነው የሚሠራው።

«ሌሊት አንዴ ካጠቃናቸው እረፍታቸው (ነጥባቸውን የሚመልስላቸው እንቅልፍ) ይሰረዛል»። አይሰረዝም፤ በ2014ቱ ሕግ ቢያንስ 1 ሰዓት የፈጀ ድካም ያስፈልጋል። ሌሊት የምትመጡት ለበቅሎዋ ነው።

«ድሩይድ (የተፈጥሮ አስማተኛ) ካለ አለቀ»። አኒማል ፍሬንድሺፕ የሚባለው አስማቱ በመጀመሪያ ደረጃው አንድ አውሬ ብቻ ይይዛል፤ መንጋ አይይዝም።

«አዞ የሚገድለው አስጥሞ ነው»

በእውነተኛው ዓለም አዎ። በሕጉ ግን ኮንስቲትዩሽን (የአካል ጽናት) 14 ያለው ሰው ለ3 ደቂቃ፣ ማለትም ለ30 ዙር ትንፋሹን ይይዛል፤ ማንም ውጊያ ያን ያህል አይቆይም። አደጋው ሌላ ነው። ንክሻው ሲያገኝ ሰውየው ይያዛል፣ እንቅስቃሴውም ይታሰራል፤ ለማምለጥ 12 ያስፈልገዋል። አዞው በዙር 15 ጫማ እየጎተተ በሦስት ዙር 45 ጫማ ያርቀዋል። ሊያድኑት የገቡት ደግሞ ረጅም ሰይፍና መጥረቢያ ውሃ ውስጥ በሁለት ዳይስ ትንሹን እንደሚያስወስድ ያኔ ይገባቸዋል፤ ጩቤ፣ አጭር ሰይፍ፣ ጦር፣ የሚወረወር ጦርና ባለ ሦስት ሹል ጦር ብቻ ናቸው እንደ ልብ የሚሠሩት። እሳትም ውሃ ውስጥ ላለ ግማሽ ነው። አዞው 19 ነጥብ ብቻ ስላለው የብስ ላይ በሁለት ዙር ይሞታል። ስለዚህ የብስ ላይ አታውጡት፤ ነክሶ ካልያዘ ጠልቆ ይጥፋ፣ 15 ደቂቃ መቆየት ይችላል።

«ዝሆን ሣር በል ነው፣ አይነካንም»

ዝሆን 20 ጫማ ቀጥ ብሎ ሮጦ በጥርሱ ከወጋ ሰውየው በ12 መቋቋም አለበት፤ ከወደቀ በዚያው ተራ ይረግጠዋል። ሁለቱ በአማካይ 41 ጉዳት ናቸው፤ ኮንስቲትዩሽን 14 ያለው የ5ኛ ሌቭል አስማተኛ በአማካይ 32 ነጥብ ነው ያለው። ለዚህ ነው ማስጠንቀቂያው የሚያስፈልገው። መጀመሪያ ጆሮውን ዘርግቶ፣ አቧራ አስነስቶ ይምጣና ይቁም፤ ይህ ማስፈራሪያ ነው። ካልተመለሱ በሁለተኛው ጆሮው ወደኋላ ተለጥፎ፣ ኩምቢው ታጥፎ ይመጣል፤ ዳይሱን ያኔ ወርውሩ። ጆሮውን ሳትጠቅሱ 41 ጉዳት ካወረዳችሁበት፣ ተጫዋቹ ግፍ ነው ቢል እውነቱን ነው።