ይሉኝታ ምንድን ነው?

ቃሉ ትርጉሙን በራሱ ውስጥ ይዞ ነው የተሠራው። «ይሉ» የሌሎች ሰዎች ንግግር ነው፤ «ኝ» የሚነገርበት ሰው ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ታ» ደግሞ በዝምታና በጸጥታ ላይ እንደምናያት ስም ታደርገዋለች። «እንዲህ ይሉኛል» የሚለው ስጋት ተጨምቆ አንድ ቃል ሲሆን ይሉኝታ ይባላል። ሰዎቹ አጠገብ መኖራቸው ግድ አይደለም፤ የሚሉት ነገር አስቀድሞ ጆሮ ውስጥ መሰማቱ ይበቃል።

ብዙ ጊዜ ከዓይን አፋርነት ጋር ይምታታል። ዓይን አፋርነት ጠባይ ነው፤ ዓይን አፋር ሰው ባዕድ ፊት መናገር ይጨንቀዋል። ይሉኝታ የሚይዘው ሰው ግን አንደበተ ርቱዕ፣ ተጫዋች፣ ገበያ ላይ ተከራክሮ የሚረታ ሊሆን ይችላል። ምላሱ የሚተሳሰረው ለጎረቤቱ ያበደረውን 500 ብር መጠየቅ ሲኖርበት ነው። ከሀፍረትም ይለያል፦ ሀፍረት ከድርጊቱ በኋላ ይመጣል፤ ይሉኝታ ቀድሞ እጅ ይይዛል። «ይሉኝታ ቢስ» መባል ከባድ ስድብ የሆነውም፣ «ይሉኝታ ጎዳኝ» የሚለው እሮሮ የማይጠፋውም በአንድ ቋንቋ ውስጥ ነው።

«የሚሉት» እነማን ናቸው? ሁሉም ሰው አይደለም። እናትና ወንድም ዘንድ ይሉኝታ ይላላል፤ ምንም ቢሆን አይጥሉንም። ፈጽሞ በማናውቀው ሰው ፊትም ይላላል፤ ነገ አናገኘውም። የሚጠነክረው መካከል ላይ ነው፤ ጎረቤት፣ አማት፣ አበልጅ፣ የሥራ ባልደረባ፣ የእድር አባል። ታክሲ ውስጥ ተጋፍቶ ሊገባ የነበረ ጎልማሳ ከኋላው የሰፈሩን ሽማግሌ ሲያይ «አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ» የሚለው ለዚህ ነው። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው። ባህል ጠባይን ይቀርጻል ሲባል አንዱ መንገድ ይህ ነው፦ የማን ዓይን እንደሚቆጠር ያስተምራል።

ትምህርቱ የሚጀምረው በልጅነት፣ ከእንግድነት በፊት በር ላይ ነው። «ብላ ሲሉህ ወዲያው እንዳትቀርብ፤ ርቦኛል እንዳትል።» ከዚያ በኋላ ቃል አያስፈልግም፤ የእናት ጥቅሻ ይበቃል። ያ ልጅ ሲያድግ ቆጠራውን ያውቀዋል። መጀመሪያ «ብላ» ሲባል «ኧረ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ባለቤቲቱ «እስቲ ቅመስ» ትላለች፤ «በቃኝ» ይላል። ሦስተኛ «በሞቴ» ሲመጣ ይቀርባል። ጉርሻም እንዲሁ ነው፤ አንድ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው ይከተላል። ቡናም አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው፤ በአቦል የሚነሳ ሰው ምክንያት መስጠት አለበት። በዚህ ሥርዓት የመጀመሪያው «አይ» መልስ ሳይሆን የሰላምታ ያህል ነው። ሁለቱም ወገን ቆጠራውን እስካወቁ ድረስ ማንም ተርቦ አይመለስም።

ችግሩ ቆጠራውን የማያውቅ ሰው ሲገባ ነው። በአንድ አገር ውስጥም ሰውን ከጥፋት የሚያቅበው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። በኦሮሞ ባህል ሰፉ በታላቅና በታናሽ፣ በሰውና በተፈጥሮ መካከል ዋቃ (ፈጣሪ) ያቆመው ሥርዓት ነው፤ የጣሰው ሰው ማንም ባያየውም ጥሷል። በጋሞ ጎሜ የሚባለው የተከለከለን ነገር መተላለፍ ነው፤ መዘዙ እንደ በሽታና የዝናብ መጥፋት ሆኖ በቤተሰቡ ወይም በመሬቱ ላይ እንደሚመጣ ይታመናል፤ መፍትሔው ጥፋትን ተናግሮ መታረቅ ነው። የሲዳማ ሐላሌ ሽማግሌዎች የሚፈርዱበት የእውነት ሚዛን ነው። በእስልምና ሐያእ ከእምነት ጋር የተሳሰረ፣ በመጀመሪያ በአላህ ፊት የሚሰማ ሀፍረት ነው። እነዚህን ሁሉ «ይሉኝታ» ብሎ መተርጎም ስህተት ነው። ይሉኝታ የሰውን አንደበት ይፈራል፤ ሌሎቹ ሰው ባይኖርም ይሠራሉ። ይህን ማወቅ ግን በብሔሩ ሰውን ለመገመት ፈቃድ አይሰጥም። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ የኦሮሞ ወይም የጋሞ ልጅ ሰፈሩ ባስተማረው ይሉኝታ ሊመራ ይችላል፤ ቤት ውስጥ አንዱን፣ ቢሮ ሌላውን የሚይዝም ብዙ ነው።

ከአገር ሲወጣ ልዩነቱ ይጎላል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰለሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ እስራኤል ተወስደዋል። የደረሱበት ማኅበረሰብ «ዱግሪ» የሚባል አነጋገር ይወዳል፤ ቃሉ ከቱርክኛ በዐረብኛ በኩል የመጣ ሲሆን ሳያለሳልሱ ፊት ለፊት መናገር ማለት ነው። ለዱግሪ ተናጋሪ ግልጽነቱ አክብሮት ነው፤ በይሉኝታ ላደገ ሰው ድፍረት። በተቃራኒው ዓይንን ዝቅ አድርጎ «እሺ» ማለት ለአንዱ ጨዋነት፣ ለሌላው መደበቅ ወይም አለመረዳት ይመስላል። አሜሪካ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው?» ሲባል «እሱን ሌሎች ቢናገሩት ይሻላል» የሚል ሰው ትሑት አይባልም፤ የሚናገረው የለውም ተብሎ ይታለፋል። እዚያው የተወለደው ልጅ ደግሞ ለአባቱ «አልስማማም» ሲል በትምህርት ቤት የተመሰገነበትን ነው የሚያደርገው፤ ቤት ግን ስድብ ይሆናል።

ይሉኝታ ከባድ ዋጋ ከሚያስከፍልባቸው ቦታዎች አንዱ ዋስትና ነው። የሥራ ባልደረባ ወረቀት ይዞ ሲመጣ «እንዴት እምቢ እለዋለሁ» ተብሎ ሳይነበብ ይፈረማል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 መሠረት ዋስትና በግምት አይቆምም፤ በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠንም ካልተገለጸ አይጸናም። በአንድነትና በማይነጣጠል ኃላፊነት የፈረመን ዋስ ግን አበዳሪው ባለዕዳውን አስቀድሞ ሳይጠይቅ ሊከሰው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ነገር መፈለግ ያስፈልጋል፦ የገንዘቡ ጣሪያ በቁጥርና በፊደል መጻፉንና «የማይነጣጠል» የሚል ቃል መኖር አለመኖሩን። እምቢ ለማለትም ባህሉ ራሱ መውጫ ሰጥቷል፤ «ቤት ልማከር» የሚል ሰው አይወቀስም።

እንዲህ ያሉ መውጫዎች ከሚታሰበው በላይ ብዙ ናቸው። ሽማግሌ የሚላከው ባለጉዳዩ በራሱ አፍ ሊጠይቅ የማይችለውን እንዲጠይቅለት ነው። የእድር መዋጮና የቀሪ ቅጣት በመተዳደሪያ ደንብ የሚወሰነው፣ የእቁብ ተራ በዕጣ የሚወጣውም በከፊል ይሉኝታን ከመሃል ለማስወገድ ነው፤ ዳኛው «ደንቡ ነው» ይላል እንጂ «አንተ አልከፈልክም» ብሎ ፊት አያጠቁርም። ለወዳጅ ሲያበድሩም ገና ከመነሻው «ለመስከረም 30» ብሎ ቀን መቁረጥ በኋላ ያለውን ጭንቀት ያቀላል፤ ቀኑ ሲደርስ የሚጠይቀው ውሉ ነው።

ከይሉኝተኛ ሰው እውነቱን ለመስማት ዋናው ብልሃት ያለው አጠያየቁ ላይ ነው። በስብሰባ «ተግባባን?» ሲባል ሁሉም «አዎ» ይላል፤ «የቱ ክፍል ነው የሚያስቸግረው?» ብሎ በወረቀት ማጻፍ ወይም አንድ በአንድ ለብቻ ማነጋገር ይሻላል። የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው ከአለቃው ቀድሞ መናገር አለበት፤ አለቃ ከተናገረ በኋላ የሚሰማው ማረጋገጫ ብቻ ነው። ሐኪም ቤትም እንዲሁ ነው። «መድኃኒትሽን በደንብ እየወሰድሽ ነው?» ለሚል ጥያቄ መልሱ ታካሚዋ አፏን ሳትከፍት የታወቀ ነው፤ «ብዙ ሰው ይረሳል፤ ባለፈው ሳምንት አንቺን ስንት ቀን አመለጠሽ?» ቢባል ግን ቁጥር ትናገራለች።