ፔይሎድ ምንድን ነው? (የመጎተት አቅም አይደለም!)

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ፔይሎዱ 13 ሺህ ፓውንድ የሆነ ፒክአፕ፣ ለካምፐር የሚሆን» ብሎ ለሽያጭ ለጠፈ (ካምፐር በመኪና የሚወሰድ ማደሪያ ቤት ነው)። ከሥሩ ሌላው «በጣም አሪፍ ነው፣ ቤተሰብህን ይዘህ ኮፐር ማውንቴን ስኪ (የበረዶ ሸርተቴ) ትወጣበታለህ» ብሎ መረቀለት። 13 ሺህ ፓውንድ ማለት 59 ኩንታል ነው። 59 ኩንታል በጀርባው የሚሸከም የቤተሰብ ፒክአፕ ካለማ፣ አገር ቤት አይሱዙ ገዝቶ እህል የሚያመላልሰው ሁሉ ተሞኝቷል።

ሰውየው ያነበበው የመጎተት አቅሙን ነው። እዚህ ኮሎራዶ ልጆቻችን ስኪ ከለመዱ ወዲህ፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ ወደ ተራራው በሚወስደው አውራ ጎዳና በአይ-70 ሰልፍ ከመንገላታት ማታውኑ ወጥቶ ተራራው ላይ ማደር የሚፈልግ አባወራ በዝቷል። ደግ ሐሳብ ነው። ስለ አልጋው፣ ስለ ምድጃውና ስለ መጋረጃው ግን ሌላ ሰው ይንገራችሁ። እኔ ውሎዬ ከመኪና ሥር ስለሆነ የማወራው ስለ ክብደት ነው።

ፔይሎድ መኪናው በራሱ ጀርባ እንዲሸከም የተፈቀደለት ክብደት ነው። ፋብሪካው «ይህ መኪና ከነጭነቱ ከዚህ አይለፍ» ብሎ የወሰነው ጠቅላላ ክብደት አለ፤ ከዚያ ላይ የነዳጅ ታንከሩ ሞልቶ ባዶ መኪናው የሚመዝነው ሲቀነስ የሚተርፈው ፔይሎድ ይባላል። ነዳጁ ተቆጥሮላችኋል ማለት ነው። ሾፌሩ ግን አልተቆጠረም።

የቢሾፍቱን የጋሪ ፈረስ አስቡት። ባለጋሪውንና ሦስት ተሳፋሪ ከነዘንቢላቸው እየጎተተ ሶምሶማ ይረግጣል። እነዚያኑ አራት ሰዎች ከጋሪው አውርዳችሁ ጀርባው ላይ ደርድሯቸው። ፈረሱ ያው ነው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው፤ ጋሪ እያለ ግን ክብደታቸውን የተሸከመው የጋሪው ጎማ ነበር። ተሳቢ ቤትም እንዲሁ የራሱ ጎማና አክስል አለው፣ ብዙ ጊዜም የራሱ ፍሬን። ካሶኒ ላይ የሚጫን ካምፐር ጎማ የለውም፤ ሙሉ በሙሉ ጀርባ ላይ ነው።

ከፈረሱ ገና አልወረድኩም። ኮርቻው ራሱ ጭነት ነው፤ በኋላ ያስገባችሁት የብረት ባምፐር፣ ዊንች፣ የካሶኒ ምንጣፍ ሁሉ ከፔይሎዱ ይቀነሳል። ጋላቢውም ጭነት ነው፤ እናንተ፣ ባለቤታችሁ፣ ልጆቹ፣ ውሻውም ካለ። ጋሪ ብትቀጥሉለት እንኳ የዘንጉ ጫፍ ጀርባው ላይ ያርፋል፤ የተሳቢ ቤት ምላስም (ከፒክአፑ ጋር የሚያያዝበት የፊት ዘንግ) እንደ አሠራሩ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን ፒክአፑ ላይ ይጥላል፣ እሱም ከፔይሎድ ይቆጠራል። ምሳሌው የሚከዳን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፦ ፈረስ ሲበዛበት ይለግማል። ፒክአፕ አይለግምም፤ ሞተሩ ያለ ምንም ቅሬታ ይነሳል፣ እናንተም «አየኸው? ምንም አልሆነም» ትላላችሁ።

የእናንተ መኪና ፔይሎድ ማስታወቂያ ላይ አይገኝም። የሾፌሩን በር ክፈቱና ምሰሶውን ተመልከቱ፤ ስለ ጎማ ንፋስ የሚናገር ስቲከር ላይ «የሰውና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከዚህ አይበልጥም» የሚል ቁጥር በኪሎና በፓውንድ ሰፍሯል። የእናንተ ይኸው ነው፤ የጎረቤታችሁ ያው ሞዴል ሌላ ቁጥር ይኖረዋል። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን ከወጡ ሁለት ፒክአፖች አንዱ የቆዳ ወንበር፣ የሚከፈት ጣሪያና አራት በር ስላለው በብዙ መቶ ፓውንድ ያነሰ ሊሸከም ይችላል። ቅንጦቱም ክብደት ነዋ። «ግማሽ ቶን»፣ «አንድ ቶን» የሚባሉት መጠሪያዎችም የድሮ ናቸው፤ ዛሬ የመደብ ስም እንጂ ሚዛን አይደሉም።

አንድ ስሌት እንሥራ። ስቲከሩ 1,480 ፓውንድ ይላል እንበል፣ 671 ኪሎ። አባት 80፣ እናት 68፣ ሁለት ልጆች 55 እና 45፤ ድምሩ 248 ኪሎ። ጣሪያው የሚነሳና የሚታጠፍ ቀላል የሚባል ካምፐር፣ በብሮሹሩ 1,250 ፓውንድ፣ 567 ኪሎ። ገና ውሃ ሳንቀዳ 815 ደረስን፤ አልፈናል። 20 ጋሎን ውሃ 76 ኪሎ፣ ትንሹ የጋዝ ሲሊንደር ሲሞላ 17 ኪሎ፣ የአራት ሰው ስኪ፣ ጫማ፣ ሄልሜትና ልብስ 60 ኪሎ፣ ምግብ፣ ብርድ ልብስ፣ አካፋና የጎማ ሰንሰለት ሌላ 50። 1,018 ኪሎ። ከተፈቀደው ሦስት ኩንታል ተኩል ገደማ ይበልጣል። የብሮሹሩ ክብደት ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶው ካምፐር ነው፤ ማሞቂያው፣ ባትሪው፣ ማንሻ ክሪኮቹ «ተጨማሪ» በሚል ሌላ ገጽ ላይ ተቀምጠዋል።

ጣሪያው ላይ የሚያድረው በረዶስ? የኮሎራዶ በረዶ ደረቅና ቀላል ነው ይባላል፣ እውነትም ነው። በሜትር ኩብ 70 ኪሎ ብቻ ብንለው እንኳ፣ ሁለት በሦስት ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ሲቆለል 126 ኪሎ ነው። የመጋቢትና የሚያዝያው እርጥብ በረዶ ከዚያ እጥፍና ከእጥፍም በላይ ይመዝናል። ጠዋት ሳትጠርጉት ከተነሳችሁ አንድ ተጨማሪ ተሳፋሪ ጣሪያ ላይ ጭናችኋል፣ ከኋላ ለሚመጣው መኪናም አደጋ ነው።

«ኤርባግ አስገብቼበታለሁ፣ አሁን ችግር የለም» ያልከው ወንድሜ፣ ያስገባኸው ባሌስትራውን የሚያግዝ የንፋስ ከረጢት (የግጭቱ ኤርባግ አይደለም)፣ የጎበጠውን ቀጥ የሚያደርግ ነገር ነው። ባሌስትራ ብትደርብም እንደዚያው። መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ መብራቱም ሰማይ ማየት ይተዋል፤ ጥሩ ነው። አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ቸርኬውና ፍሬኑ ግን የድሮዎቹ ናቸው፤ ስቲከሩም አይለወጥም። «ፋብሪካዎቹ ክስ ስለሚፈሩ ቁጥሩን ያሳንሱታል» ላልከውም፦ መጠባበቂያ ይኖር ይሆናል። የት ላይ እንዳለ ታውቃለህ? አክስሉ ላይ ተርፎ ጎማው ላይ ቢያልቅስ? ጎማህ ጎን ላይ የተጻፈውን የጭነት ልክ አንብብና ተመለስ።

ጎማን ካነሳን አይቀር፦ ጎማ የሚሸከመው በንፋሱ ልክ ነው። ብርዱ በ10 ዲግሪ ፋራናይት በቀነሰ ቁጥር ንፋሱ አንድ ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ይወርዳል። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ላይ በ40 ዲግሪ ሞልታችሁ ተራራው ላይ ከዜሮ በታች 10 ሲያድር ብርዱ ብቻ አምስት ፒኤስአይ ያህል ወስዶባችኋል፣ ያውም ጭነቱ በበዛበት ሰዓት።

«ጭነት ለበረዶ ጥሩ ነው፣ ጎማውን ይጫነዋል» የሚለው ክርክር ግማሽ እውነት አለው። በኋላ ጎማ የሚነዳ ፒክአፕ ሽቅብ ሲወጣ ይረዳዋል። ካምፐሩ ረዝሞ ሚዛኑ ከኋላ አክስል ወዲያ ሲያልፍ ግን የፊት ጎማዎች ይቀላሉ፤ መሪ ያላቸውና አብዛኛውን ፍሬን የሚይዙት ደግሞ እነሱ ናቸው። ስለዚህ ነው የካምፐሩ የሚዛን ማዕከል ከኋላ አክስል ፊት እንዲያርፍ የሚፈለገው። የፒክአፑ መመሪያ ደብተር ውስጥ ለካምፐር ጭነት የተለየ ሥዕል አለ፤ ማንም አይከፍተውም።

ከዴንቨር ስትሄዱ የአይዘንሃወር ዋሻ ምዕራቡ አፍ ላይ 11,158 ጫማ ከፍታ ላይ ናችሁ። ከዚያ እስከ ሲልቨርቶርን ከተማ 7 በመቶ የሚደርስ ቁልቁለት ነው፤ ፍሬን እምቢ ላለው ከባድ መኪና የጠጠር ማምለጫ የተሠራበት። አራት ጎማ መንዳት ለማቆም አይረዳም። ዋሻውን እንደወጣችሁ ማርሹን ዝቅ አድርጉ፤ ፍሬኑን ረግጣችሁ ይዛችሁ ከወረዳችሁ የፍሬን ሸራው ግሎ ይሸታል፣ ከዚያ ፔዳሉ መስመጥ ይጀምራል። (የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ያረጀ ዘይት በሙቀት ቶሎ ይፈላል። ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ቀይሩት።)

ለማደሪያ በፒክአፕ ፋንታ ቫን ከመረጣችሁ ነገሩ ይቀላል፣ ምክንያቱም ባዶ የጭነት ቫን ብዙ ይሸከማል። ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው። ሰው በጓሮው በጣውላና በቁምሳጥን የሞላው ያገለገለ ቫን ስትገዙ፣ በሩ ላይ ያለው ስቲከር የሚናገረው ፋብሪካ ስለሠራው ባዶ ቫን ነው። በባትሪ በኩል ሊቲየም ከእርሳስ ባትሪ በጣም ስለሚቀል ለክብደት ምርጥ ነው፤ ከዜሮ ሴንቲግሬድ በታች ቻርጅ ሲደረግ ግን ይበላሻል፣ ስለዚህ ቦታው ከውጭ ሳይሆን ማሞቂያው የሚደርስበት ውስጥ ነው።

ያለው መድኃኒት ሚዛን ነው። የከባድ መኪና ነዳጅ ማደያዎች ላይ ካት ስኬል የሚባል ሚዛን አለ፤ የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ መዝኖ ወረቀት ይሰጣል። ውሃ ሞልታችሁ፣ ቤተሰቡን አሳፍራችሁ፣ ስኪውን ጭናችሁ ውጡበት። ጠቅላላውን በሩ ላይ ካለው፣ የመኪናው የጠቅላላና የአክስል ክብደት ልክ ከተጻፈበት ከሌላኛው ስቲከር ጋር አነጻጽሩ፤ የኋላ አክስሉን ለብቻው ደግሞ ከራሱ ልክ ጋር። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልፈው የኋላው ነው። ጠቅላላ ልካቸው ከ10,000 ፓውንድ በላይ በሆኑ ትልልቅ ፒክአፖች ላይ ያ የሰውና የዕቃ ስቲከር ላይኖር ይችላል፤ ለእነሱ ሚዛኑ ብቻ ነው ያለው። ገና ካልገዛችሁ ደግሞ መጀመሪያ ካምፐሩን ምረጡ፣ የሙሉ ክብደቱን ወረቀት ያዙ፣ ከዚያ ሻጩ ጋ ሄዳችሁ ስለ ፈረስ ጉልበቱ ከማውራታችሁ በፊት በሩን እንዲከፍትላችሁ ጠይቁት።