በጎጃም የስፖርት ሜዳዎች የተመልካች ፍተሻና የግል መብት

የተመልካች ፍተሻ ማለት ውድድር ሊያይ የመጣ ሰው ሜዳ ከመግባቱ በፊት ሰውነቱና የያዘው ዕቃ የሚታይበት አሠራር ነው። በጎጃም ጎልቶ የሚታየው በባሕር ዳር ስታዲየም ሲሆን፣ በደብረ ማርቆስና በሌሎች ከተሞች ሜዳዎች ጥብቅነቱ እንደ ጨዋታው ክብደት ይለያያል። ተመልካቹ ከሜዳው በገመድ ብቻ በሚለይበት ቦታ ፈታሽ የሚቆምበት በር ስለሌለ አሠራሩም የለም።

ግዙፉ የባሕር ዳር ስታዲየም ሰኔ 7 ቀን 2007 ዋልያዎቹ ሌሶቶን 2 ለ 1፣ ኅዳር 9 ቀን 2012 ደግሞ ኮትዲቯርን በተመሳሳይ ውጤት ያሸነፉበት ነው። እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች በፊፋና በካፍ የደኅንነት ደንብ ስለሚመሩ ፍተሻው ከሊግ ጨዋታ ይጠብቃል። መስከረም 29 ቀን 2014 ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከተደረገው ጨዋታ በኋላ ካፍ ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም በማለቱ ቀጣዩ የጋና ጨዋታ በጆሃንስበርግ ተደርጓል። የጣና ሞገዶቹ፣ ማለትም የባሕር ዳር ከተማ ክለብ፣ በዚህ ሜዳ ሲጫወቱ ግን ደጋፊዎቻቸው የሚፈተሹት በዚሁ በኩራታቸው በር ነው።

የሕግ መሠረቱ

ከሕገ መንግሥቱ ቀደም ብሎ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 11 ሕግ ከፈቀደው ውጪ የማንም ሰው ነጻነት እንዳይገደብ፣ ማንም እንዳይበረበር ደንግጓል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ሰውነት፣ ቤትና ንብረት ከመመርመር እንዲጠበቁ ያዛል፤ ገደብ የሚፈቅደው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና የሕዝብን ሰላም ማስጠበቅን፣ ወንጀልን መከላከልንና መሰል ዓላማዎችን መሠረት ባደረገ ዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። የዚሁ አንቀጽ ንዑስ 2 የስልክና የኤሌክትሮኒክ ግንኙነቶችን ስለሚጠብቅ ስልክ አስከፍቶ ፎቶና መልእክት ማየት የበር ፍተሻ አይደለም። ፈታሹ ስልኩ ስልክ መሆኑን አይቶ መመለስ አለበት።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 የተያዘ ሰው በተመሳሳይ ጾታ እንዲፈተሽ ያዛል። ተመልካች የተያዘ ሰው ባይሆንም ከዚያ ያነሰ ክብር ሊሰጠው እንደማይገባ ግልጽ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መፈተሽን ፈቅዶ ነበር፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት ግን ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት አንቀጽ 25 በአስቸኳይ ጊዜም አይታገዱም።

ትኬት መግዛት ለፍተሻ እንደመስማማት ይቆጠራል ወይ የሚለው ያከራክራል። በአሜሪካ ታምፓ አንድ የዓመት ትኬት ባለቤት እ.ኤ.አ. በ2005 በተጀመረው የአካል ፍተሻ ላይ ክስ አቅርቦ መጀመሪያ ቢረታም፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት «ፈቅደህ ነው የገባኸው» በሚል ውሳኔውን ሽሮታል። ያም ሆኖ እንቢ ያለ ሰው መብቱ ወደ ቤቱ መመለስ ነው፤ እንቢ በማለቱ ብቻ አይያዝም።

አሠራሩ

ፈታሹ «ይቅርታ፣ ፍተሻ ነው» ብሎ ኪስ በራስ እጅ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ከዚያ አንገት፣ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ወገብና እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ይዳሰሳል። ጋቢ የለበሰ ሰው ጋቢውን ራሱ ይገልጣል፤ ከላይ መዳበስ ጥቅም የለውም፣ ድርቡ ስለትን ይሸሽጋል። ማተብ አይነካም፣ ክታብም ተፈትቶ አይታይም፤ ቢበዛ በብረት መፈለጊያ ይታለፋል። መሣሪያው በቀበቶ ዘለበትና በቁልፍ ይጮኻል፣ ፕላስቲክንና ርችትን ግን አያውቅም፤ ስለዚህ እጅን አይተካም።

በሃይላንድ የሚገባ አረቄ ከውኃ በዓይን አይለይም፤ ክዳኑን ከፍቶ ማሽተት ይበቃል። ሙሉ ሃይላንድ ሲወረወር ስለሚጎዳ ብዙ ጊዜ ክዳኑ ይወሰዳል። ትልቁ ጥያቄ ዱላ ነው። ለጎጃሜ ገበሬ ዱላ የመንገድ ጓደኛ እንጂ የጠብ ዕቃ አይደለም፤ መቀማት የሚያስከፋውም ለዚህ ነው። የሚሠራው ዘዴ በሁለት ወገን አንድ ቁጥር ያለው ካርቶን አዘጋጅቶ ግማሹን በሲባጎ ዱላው ላይ ማሰር፣ ግማሹን ለባለቤቱ መስጠት ነው። ያለ ቁጥር ከተከመረ ጨዋታው ሲያልቅ በዱላ ይገባኛል ግፊያ ይነሳል። ጦር መሣሪያ ፈቃድ ቢኖረውም አይገባም።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር ስሌት ነው። የእንግሊዝ የሜዳ ደኅንነት መመሪያ አንድ መግቢያ በሰዓት ከ660 ሰው በላይ እንደማያስተናግድ ይወስዳል፤ ፍተሻ ሲጨመር ይህ ይወርዳል። አንድ ፈታሽ አንዱን ሰው በ10 ሰከንድ ቢጨርስ በሰዓት 360 ነው፤ 20,000 ሰው በ2 ሰዓት እንዲገባ 28 ፈታሽ ያስፈልጋል፤ በሩ 1 ሰዓት ዘግይቶ ከተከፈተ 56። ይህ ሳይታሰብ ሲቀር ጨዋታው ሲጀመር ውጭ የቀረው ሕዝብ ይገፋል፣ ፈታሾቹም ገመዱን ለቀው ሁሉንም ያሳልፋሉ፤ ቀድሞ መጥቶ የተፈተሸው በከንቱ ተፈተሸ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዝ ሂልስቦሮ ስታዲየም 97 ሰው ላለቀበት አደጋ መነሻው በመግቢያው ላይ የተፈጠረ መጨናነቅ ነበር።

ሴት ፈታሽ ማነስ ሌላው ችግር ነው። አንዲት ብቻ ስትቆም ሴቶች ወይ ሳይፈተሹ ያልፋሉ ወይ ረጅም ሰልፍ ይጠብቃሉ፤ ልጅ በአንቀልባ ያዘለች እናት ልጇን ሳታወርድ ተቀምጣ የምትፈተሽበት ወንበርና መጋረጃ ያስፈልጋል።

በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል በሰፊ ሜዳ ስለሚካሄድ የስታዲየም አሠራር ሙሉ በሙሉ አይሠራበትም። ጦርና ጋሻ የትርኢቱ አካል ናቸው፤ ስለዚህ እዚያ መለየት ያለበት ፈረሰኛውን ከተመልካቹ ነው፤ ፍተሻውም በመንገዶቹ መግቢያ ላይ ይሆናል።